ከካርድ ክፍል ወደ ነርሲንግ ክፍል፦ የአንዲት እናት የዝግጅት ዓመት

የጉዳዩ ባለቤት የ35 ዓመት ሴት ናት፤ ስሟን አንጠቅስም። ልደታ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና 4። ባለቤቷ ሚኒባስ ይነዳል። እሷ መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። የቀድሞውን የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተፈተነችው በ1998 ዓ.ም. ነበር። አባቷ ታመው ቤቱን የሚደግፍ ሰው ስለጠፋ መሰናዶ ሳትገባ ሥራ ያዘች። ኅዳር 2016 ላይ ነርሲንግ ለመማር ስትቆርጥ በእጇ የነበረው የሰርተፊኬቷ ፎቶ ኮፒና ጥቂት ቁጠባ ነው። ጥቅምት 2017 ተመዘገበች። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል፣ እኛ እያማከርናት የተሠራውን ሥራ ይመለከታል።

አዋቂ ሆኖ ወደ ትምህርት የሚመለስ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ "ጭንቅላቴ ይቀበላል ወይ?" የሚል ነው። እሷም ይህንኑ ጠይቃለች። የመጀመሪያውን ወር ያሳለፈችውም የባዮሎጂ መጽሐፍ ገዝታ ከሴል ጀምሮ በማንበብ ነበር። ንባቡ አልከፋም፤ ነገር ግን መዝጋቢ ፊት ስትቀርብ የሚያስመልሳት ሴል አልነበረም፣ ስሟ ነበር። እንዲህ ባለ ጉዳይ ሰው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ሲዛባበት ነው። ስድስት ወር የሚፈጀው ሥራ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ በሁለት ሳምንት የሚያልቀው መጀመሪያ ላይ ይሠራል።

አንድ ሰው፣ ሦስት ስም

ሰነዶቿ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ ሦስት ዓይነት ስም ተገኘ። በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዷ ላይ ያለው ቤት የምትጠራበት ስም ነው። በ10ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ላይ የመዝገብ ስሟ አለ። ፋይዳ መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም በአማርኛ ከሰርተፊኬቱ ጋር አንድ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ግን የአያቷ ስም አንድ ፊደል ተጨምሮበታል። ሰው ዓይቶ "ያው ናት" ሊል ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን አይልም፤ መዝጋቢውም ኮምፒውተሩ ያላለውን አይፈርምም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የትኛው ሰነድ ወደ የትኛው መስተካከል እንዳለበት ሳይወስን መሮጥ ሲጀምር ነው። መልህቅ መሆን ያለበት የብሔራዊ ፈተናው ሰርተፊኬት ነው፤ ምክንያቱም ኮሌጁም ሆነ በኋላ ቀጣሪው ትክክለኛነቱን የሚያጣራው ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት መዝገብ ላይ ነው። ያንን መዝገብ ማስለወጥ ከሁሉም ይከብዳል። ስለዚህ መታወቂያው ሰርተፊኬቱን ይከተላል። እሷ ግን መጀመሪያ በተቃራኒው ሄዳ ነበር፤ ሰርተፊኬቴ በፋይዳዬ ይስተካከልልኝ ብላ ስትመላለስ ሳምንታት ባከኑባት። ከዚያ በኋላ የሄደችበት መንገድ እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ የጠፋው ዋናው ሰርተፊኬት ምትክ እንዲወጣላት አመለከተች። የተፈተነችበትን ዓመተ ምሕረትና የትምህርት ቤቱን ስም በትክክል መጻፍ ያስፈልጋል፤ የመፈተኛ ቁጥሩ ከፎቶ ኮፒው ላይ ስለሚገኝ ፎቶ ኮፒ ያለው ሰው ሥራው በግማሽ ይቀልለታል። ሁለተኛ፣ የፋይዳው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በሰርተፊኬቱ መሠረት እንዲታረም አደረገች። ሦስተኛ፣ የ8ኛ ክፍሉ ስምና የመዝገብ ስሟ የአንድ ሰው መሆናቸውን በከተማው ፍርድ ቤት አስወሰነች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሁለት ምስክሮች ቀረቡ። አራተኛ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቷን ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ ሬከርድ ክፍል ጠየቀች። በትራንስክሪፕቱ ላይ ሁለት ነገር መለየት ይገባል፦ ለተማሪው የሚሰጠው ቅጂ አለ፣ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ለኮሌጁ የሚላክ ኦፊሻል ቅጂ አለ። ፖስታውን "ምን ተጽፎ ይሆን" ብሎ መክፈት ሰነዱን ዋጋ ያሳጣዋል።

ይህ ሁሉ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ወሰደ። ነሐሴ ላይ ቢጀመር ኖሮ የዓመቱ ምዝገባ ያመልጣት ነበር።

የትኛው በር

ሰነዱ በመንገድ ላይ እያለ የመግቢያው መስመር ተመረጠ። ፊቷ ላይ የነበሩት ሁለት በሮች ናቸው።

አንደኛው የዲግሪ መስመር ነው፤ ነርሲንግ በዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል። 10ኛ ክፍል ላይ ለቆመ ሰው ግን ከዚያ በፊት 11ኛንና 12ኛን በማታ መማር፣ ከዚያም የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን በግል ተፈታኝነት መውሰድ ያስፈልጋል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ማለፊያው 50 በመቶ ሆኗል። በዚያ ዓመት ያለፉት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ፈተናው በአብዛኛው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተገብቶ ለቀናት እዚያው እየታደረ ይሰጥ ነበር። የ4 ዓመት ልጅ ላላት እናት ይህ ራሱን የቻለ ዝግጅት ነው። በዚያ ላይ መጻሕፍቱ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተቀይረዋል፤ በ1998 የተማረችው ሙሉ በሙሉ አይሸፍናትም። ሁሉም ቢሳካ ሁለት ዓመት ለማታ ትምህርት፣ አራት ዓመት ለዲግሪ፤ ስድስት ዓመት ማለት ነው።

ሁለተኛው የቴክኒክና ሙያ መስመር ነው። በቀድሞው አጠራር 10+3 ይባል የነበረው፣ ኋላ ደረጃ 4 የሆነው፣ አሁን ደግሞ ደረጃ 5ም ያለበት ሥልጠና። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወጣል፤ ቀድሞ የተፈተኑ ሰዎችም በተፈተኑበት ዓመት ውጤት ይታያሉ። ስለዚህ "ጎረቤቴ በዚህ ነጥብ ገብታለች" የሚለው ወሬ መመሪያ አይሆንም። የዓመቱን መስፈርት ወረቀት በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ሥልጠናው ሲያልቅ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁሉም ሲኦሲ የሚለው ፈተና አለ፤ ጽንሰ ሐሳብም ተግባርም ይፈተናል። ያላለፈ ሰው ዲፕሎማውን ይዞ ሥራ ማግኘት ይቸግረዋል።

እሷ ሁለተኛውን መረጠች። በእኛ ግምት ትክክለኛ ምርጫ ነው። በ40 ዓመት አካባቢ በዋርድ (በሆስፒታል የሕሙማን ክፍል) ውስጥ ደመወዝ እያገኙ ወደ ዲግሪ ማደግ፣ በ35 ዓመት ሁሉንም በአንድ ፈተና ላይ ከመጣል ይሻላል። የ20 ዓመት ልጅ ብትሆን ምክሩ ይለወጥ ነበር።

ፈቃዱን ማንበብ

መጋቢት ላይ አንድ ችግር ደረሰ። አንድ ኮሌጅ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን እንደቀረው፣ ሰነድ እየቆየ ቢደርስም እንደሚቀበላት ነግሮ 1,500 ብር የመመዝገቢያ አስከፈላት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የፈቃድ ወረቀት ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ነርሲንግ ግን የተፈቀደው ለሌላኛው ቅርንጫፍ ነበር፤ እሷ በተመዘገበችበት ካምፓስ የተፈቀደው ፋርማሲና ላቦራቶሪ ነው። ብሩ አልተመለሰም። ሦስት ዓመት ተምራ ለምዘና ስትቀርብ ከማወቅ ግን እጅግ ይሻላል።

የፈቃድ ወረቀት አራት ነገር ይናገራል፦ የሙያ ዘርፉን፣ ደረጃውን፣ ካምፓሱንና የሚያበቃበትን ቀን። ከአራቱ አንዱ ካልገጠመ ፈቃድ የለም ማለት ነው። ማጣሪያውም ሁለት ቦታ ነው። የዲግሪ ፕሮግራም ከሆነ የፌዴራሉን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በአዲስ አበባ የሚሰጥ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከሆነ የከተማውን የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን መጠየቅ ነው። ኮሌጁ ራሱ ያሳየውን ወረቀት ይዞ ኮሌጁን መጠየቅ ማጣራት አይባልም።

ከፈቃዱ ቀጥሎ የተግባር ክፍሉ ይታያል። ኮሌጆች ለጎብኚ ሲያሳዩ አልጋውን፣ ማኒኪኑን (የሰው አምሳያውን)፣ የክንድ ሞዴሉን ያሳያሉ። የክንድ ሞዴሉን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በተማሪ እጅ የሚያልፍ ሞዴል ክርኑ ላይ፣ ደም ሥሩ በሚሄድበት መስመር፣ በመርፌ ተወጋግቶ ተበሳስቷል፤ ጎማውም አንዳንዴ ተቀይሮ ቀለሙ ከቀሪው ክንድ ጋር አይመሳሰልም። እሷ ካየቻቸው ኮሌጆች በአንዱ ሞዴሉ ከነላስቲኩ ነበር። እዚያ አልተመዘገበችም። በመጨረሻ የተመረጠው ኮሌጅ ከመንግሥት ሆስፒታሎች ጋር ለተግባር ልምምድ የተፈራረመውን ደብዳቤ አውጥቶ ያሳየ ነው። "ከሆስፒታሎች ጋር እንሠራለን" የሚል ቃል ብቻ በቂ አይደለም፤ የትኛው ሆስፒታል፣ በዓመት ስንት ተማሪ፣ እስከ መቼ የሚለው ወረቀት ላይ አለ።

180 ወይስ 7.5

ለጥናቱ የመጀመሪያ የደረጃ መለኪያ ፈተና የተሰጣት በጥር ነው፤ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና የመድኃኒት መጠን ሒሳብ። ባዮሎጂው ደህና ነበር። የ10ኛ ክፍል የሒሳብ ውጤቷ "ዲ" ስለነበር ሒሳቡን ፈርታዋለች፤ ፍርሃቷም ተገቢ ነበር፣ ምክንያቱ ግን እሷ ያሰበችው አልነበረም።

ጥያቄው ይህ ነው። ሕፃኑ 12 ኪሎ ይመዝናል። ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ታዟል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም መድኃኒት አለው። ስንት ሚሊ ሊትር ይሰጠው?

ወረቀቷ ላይ "12 × 15 = 180" ተጽፏል፤ ከሥሩ "መልስ 180" ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ብዜቱ ልክ ነው። ነገር ግን 180 የሚሊግራም ቁጥር ነው፤ የተጠየቀው ሚሊ ሊትር ነው። 180 ለ120 ሲካፈል 1.5፣ በ5 ሲባዛ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ አንድ ተኩል የመድኃኒት ማንኪያ። 180 ሚሊ ሊትር ቢሆን ኖሮ ባለ 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሁለት ሊሆን ምንም አይቀረውም። ይህን ለአንድ ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ሰው የለም፤ ወረቀት ላይ ግን ቁጥር ብቻውን ሲቆም አያስፈራም።

ስለዚህ የተሰጣት ልምምድ ሁለት ሕግ ነበረው። የመጀመሪያው፣ ቁጥር ያለ መለኪያው አይጻፍም። እያንዳንዱ መስመር ላይ "ሚሊግራም"፣ "ሚሊ ሊትር"፣ "ደቂቃ" አብሮ ይጻፋል፣ መደጋገሙ ቢያሰለችም። ሁለተኛው፣ ከማስላት በፊት ግምት ይጻፋል፤ ከአንድ ማንኪያ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከአንድ እንክብል ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ስሌቱ ከግምቱ በጣም ከራቀ ቆም ይባላል።

በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ላይም ተመሳሳይ ስሕተት ታየ። 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዟል፤ የማንጠባጠቢያው ገመድ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ይሰጣል። በደቂቃ ስንት ጠብታ? እሷ 1,000 በ20 አባዝታ ለ8 አካፈለችና 2,500 አገኘች። ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አልለወጠችም። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ 20,000 ለ480 ሲካፈል 41.67፣ ማለትም 42 ጠብታ ያህል። 2,500 ጠብታ በደቂቃ ማለት በሴኮንድ ከ40 በላይ ነው፤ ያ ጠብታ መሆኑ ቀርቶ የሚፈስ ነገር ነው። በሌላ በኩል ለሕፃናት የሚሆነው ገመድ በሚሊ ሊትር 60 ጠብታ ስለሚሰጥና ሰዓቱም 60 ደቂቃ ስለሆነ፣ በሰዓት የሚገባው ሚሊ ሊትርና በደቂቃ የሚወርደው ጠብታ ቁጥራቸው እኩል ይሆናል። በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ከሆነ በደቂቃ 30 ጠብታ ነው። ይህን ምክንያቱን አውቆ የያዘ ተማሪ ቀመር ሲጠፋበት አይደናገጥም።

በቀን አምስት ጥያቄ፣ ለስምንት ሳምንት። ስሕተቶቹ በሦስት ዓምድ ይመዘገቡ ነበር፦ መለኪያ መርሳት፣ ሰዓትና ግራም መለወጥ፣ የነጥብ ቦታ። በመጀመሪያዎቹ 40 ጥያቄዎች 17 ስሕተት ነበራት፤ አሥራ አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓምዶች የመጡ ናቸው። ማባዛትና ማካፈል ላይ የተሳሳተችው እምብዛም ነው። "ሒሳብ አልችልም" ስትል ዓመታት ያሳለፈች ሴት ችግሯ ሒሳብ እንዳልሆነ የታወቀው ስሕተቶቿ በዓይነት ሲለዩ ነው። በሰኔ ከ40 ሁለት ብቻ ሳተች፤ አንደኛው ከነጥቡ በፊት ዜሮ ሳትጽፍ ".5"ን ራሷ መልሳ "5" ብላ ስላነበበችው ነው። በዋርድም ትዕዛዝ ወረቀት ላይ አሥር እጥፍ መድኃኒት የሚያሰጠው የዚሁ ዜሮ መጉደል ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ "0.5" ብላ ትጽፋለች።

ካርዱ የጥናት ደብተር አይደለም

ካርድ ክፍል መሥራቷ ትልቅ ጥቅም ነበር። የታካሚ ፍሰት፣ ትሪያጅ (ታካሚን በሕመሙ ክብደት መለየት)፣ ካርድ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዞር፣ "ቢአይዲ" በቀን ሁለት ጊዜ፣ "ቲአይዲ" በቀን ሦስት ጊዜ፣ "ፒአርኤን" ሲያስፈልግ መሆኑን ከሌሎች ጀማሪዎች ቀድማ ታውቃለች። ነርሶች ሲያዩ "አንቺማ ግማሽ መንገድ ሄደሻል" ይሏት ነበር።

በየካቲት ግን ከካርዶች ላይ የምርመራ ውጤት እየገለበጠች ማታ ትርጉሙን መፈለግ ጀመረች። ደብተሯ ላይ ስም የለም፤ ዕድሜ፣ ፆታና ሰፈር ግን አለ። በአንድ ክሊኒክ ዙሪያ በሚኖር ሕዝብ ውስጥ ዕድሜ፣ ፆታና ሰፈር ሰውን ለመለየት ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። ገጾቹ ተቀደው ተወገዱ፤ በምትካቸው የክሊኒኩ ባዶ ፎርሞች ተወሰዱና በምናባዊ ታካሚ ተሞሉ። ሙቀት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ ግፊት፦ ለአዋቂ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ፣ ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ አተነፋፈስ ከ12 እስከ 20። ባዶ ፎርም በገዛ እጅ መሙላት ከማንበብ የበለጠ ያስይዛል፣ የማንንም ምስጢር አይነካም። ነርስ መሆን የሚፈልግ ሰው የታካሚን ምስጢር መጠበቅ የሚጀምረው ነጩን ጋውን ሲለብስ አይደለም፤ ካርዱ እጁ ላይ ካለ ዛሬ ነው።

እንግሊዝኛው ቀስ ብሎ ነው የሄደው፤ ሥልጠናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መዝለል አይቻልም። የተሠራበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ከሞጁል አንድ አንቀጽ ማንበብ፣ መዝጋት፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር በራስ እንግሊዝኛ መጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ ማነጻጸር። ረጅም የቃላት ዝርዝር መሸምደድ አልረዳትም።

ሦስት ዶዝ

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ይህ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ሦስት ዶዝ አለው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ። በተመዘገበበት ዕለት የጀመረ ተማሪ ዋርድ ሲገባ ሦስተኛውን አልወሰደም። የነርሲንግ ተማሪ ደግሞ በመርፌ የሚወጋው እጁ ገና ባልለመደበት ጊዜ ነው።

እሷ በጥር የደም ምርመራ አደረገች፤ ቫይረሱ እንደሌለባት ሲረጋገጥ የመጀመሪያውን ዶዝ ወሰደች። የካቲት ሁለተኛው፣ ሐምሌ ሦስተኛው። በነሐሴ መጨረሻ በደሟ ውስጥ ያለው የመከላከያ (አንቲቦዲ) መጠን ተለካ፤ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተከላክሏል ይባላል፣ የእሷ አልፏል። ከክትባቱ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር፦ መርፌ ቢወጋት ቦታውን በውኃና በሳሙና ታጥባ ወዲያው ለኃላፊ ማሳወቅ አለባት፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል። አፍሮ ዝም ማለት በዚህ ቦታ አደገኛ ነው።

ብሩና ሰዓቱ

ወርኃዊ ክፍያው 1,800 ብር ነው፤ ኮሌጁ የሦስት ወር በቅድሚያ ይጠይቃል። ቁጠባዋ ይህን ይሸፍናል። የሚያናጋት በዝርዝር ያልተጻፈው ነበር፦ ጋውን፣ ድምፅ የማያሰማ ጫማ፣ የሞጁል ፎቶ ኮፒ፣ ትራንስፖርት፣ በመጨረሻም የምዘና ክፍያ። ለዚህ የሰፈሯን ዕቁብ ተጠቀመች፤ 20 አባላት በሳምንት 1,000 ብር ይጥላሉ፣ አንድ ዕጣ 20,000 ብር ነው። ዕጣዋ በግንቦት ስለወጣ ለጥቅምት ከሚደርሳቸው አንዲት እናት ጋር ተቀያየረች። "አንቺ ለትምህርት ነው፣ እኔ ለቤት ቀለም፤ ጥቅምትን ውሰጂው" አሏት። ግንቦት ላይ ብትበላው ኖሮ ለጥቅምት የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርም ነበር።

የደም ግፊት መለኪያ ቀድማ እንዳትገዛ ተመከረች። ኮሌጆች በሰዓት መልክ የተሠራውን መለኪያ ከስቴቶስኮፕ ጋር ነው የሚያስተምሩት፤ በባትሪ የሚሠራውን የገዛ ተማሪ ማዳመጡን አይለምድም። ቀድሞ የሚገዛው ሴኮንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ነው። ምት 30 ሴኮንድ ተቆጥሮ በሁለት ይባዛል፣ ምቱ ካልተስተካከለ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። በልጆቿ ላይ ተለማመደችበት።

ሰዓቱ ከብሩ ይልቅ አስቸገረ። መጀመሪያ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ለማጥናት ሞከረች፤ መጽሐፉ ላይ እያንቀላፋች ነበር። ባለቤቷ ለሥራ ሌሊት 11 ሰዓት ስለሚወጣ አብራው ተነሥታ እስከ 12፡15 ማጥናት ጀመረች፤ ይህ ሠራ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አራት ኪሎ፣ በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። ቤት ውስጥ ያለች እናት መጽሐፍ ይዛም እናት ናት፤ የሚጠራት አይጠፋም። በመስከረም የእንቁጣጣሽና የመስቀል ሥራ ከምዝገባ ወረቀት ጋር እንደሚጋጭ ቀድሞ ስለታወቀ፣ ለጥናት የታሰበው ሁሉ ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት አለቀ።

"የማታ ክፍል" የሚለው ቃል ግን ሰውን ያታልላል። ትምህርቱ ከ11፡30 ጀምሮ ማታ ቢሰጥም የተግባር ልምምዱ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሆስፒታል ደግሞ ለማታ ተማሪ ተብሎ ሰዓቱን አያዞርም። የጠዋት ፈረቃ 2 ሰዓት ከጀመረ 1፡30 መድረስ ያስፈልጋል። ከልደታ በቀላል ባቡር ወደ ምኒልክ አደባባይ በኩል መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን የትንሿ መዋዕለ ሕፃናት በሩን የሚከፍተው 2 ሰዓት ነው። ይህ ክፍተት በአንዲት ጎረቤት ተሸፈነ። እሷም በምትኩ በሳምንት አንድ ጠዋት የጎረቤቲቱን ልጅ ትይዛለች፤ ስምምነቱ ከነቀኑ ተጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

ምዝገባና ቀሪው

ጥቅምት ላይ ሬጅስትራሩ፣ የ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት፣ "እህቴ፣ ተመዝጋቢዋ ራሷ ናት መምጣት ያለባት" አላት። "ራሷ ናት" ብላ ሰነዷን ዘረጋች። ስሙ ከሰርተፊኬት እስከ ፋይዳ አንድ ዓይነት ስለነበር በአንድ ቀጠሮ ተጠናቀቀ።

ከሥራዋ አልለቀቀችም፤ ይህም ታስቦበት ነው። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሳያልቅ ደመወዝ የሚያቋርጥ ሰው በመጀመሪያው የክፍያ መዘግየት ይወጣል። ክሊኒኩ ወደ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን እንዲያዛውራት ጠይቃ ግማሹ ተፈቅዶላታል፤ ሳምንቱን በሦስት ቀን ትሸፍናለች። የቅዳሜው አብርሆት በዚህ ምክንያት ቀርቷል፤ ንባቡ ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል።

ያልተፈታው የመጀመሪያው የተግባር ልምምድ ነው፤ ሳምንታቱ ተከታታይ ስለሆኑ ሦስቱ የሥራ ቀናትም ይነካሉ። ለክሊኒኩ የሚጻፈው ደብዳቤ ተዘጋጅቷል። የልምምዱ መነሻና መድረሻ ቀን፣ የኮሌጁ የድጋፍ ደብዳቤ፣ በነዚያ ቀናት ካርድ ክፍሉን የምትሸፍነው ባልደረባ ስምና ፊርማ፣ እንዲሁም ፈቃዱ ያለ ደመወዝ ይሁን ከዓመት ዕረፍት የሚታሰብ ይካተቱበታል። ክሊኒኩ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ተጠይቋል፤ የቃል "እሺ" ከኃላፊው ጋር አብሮ ሊቀየር ስለሚችል ደብዳቤው የሚገባው ልምምዱ ከመጀመሩ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው።